«ፌደሮቹ ራሳቸው ሮጡ»፦ ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ደብዳቤ የተሰጠ መልስ

ደብዳቤው አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ሰላም አያ፣ እንደምን አለህ። ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው፣ ሰርግና ምርቃት ላይ ሳውንድ እያከራየሁ እሰራለሁ። እስከ አምና በባለ 12 ቻናል አናሎግ ሚክሰር ነበር የምሰራው፣ ዘንድሮ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አውጥቼ ያገለገለ ቤሪንገር ኤክስ 32 ዲጂታል ሚክሰር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሻጩ ሁሉም ተስተካክሏል ሲኑን (ሚክሰሩ ውስጥ የተቀመጠውን ሙሉ ሴቲንግ) ብቻ ክፈት ብሎኝ ነበር። ከ17 በላይ ያሉት ቻናሎች ግን ጭራሽ ድምፅ የላቸውም፣ ለጠጋኝ ባሳየው ቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ከባድ ብር ጠየቀኝ። ጥር ላይ ደምበጫ አካባቢ ሰርግ ይዤ አዝማሪው እየዘፈነ ፌደሮቹ (ድምፅ ማንሻና መቀነሻ ተንሸራታቾቹ) በራሳቸው ሮጠው ወረዱ፣ ደንግጬ መልሼ ስገፋቸው ሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ባፍል) ጮኸ፣ ሰው ጆሮውን ያዘ፣ የሙሽራው አባት መጥተው ተቆጡኝ። መሰንቆውም ሲያፏጭ ነው ያመሸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ያስተካከልኩት ግማሹ ጠፋ። በኋላ የተዋስኩት ስቴጅ ቦክስም (መድረክ ላይ ማይኮች የሚሰኩበት ሳጥን) ትክ ትክ ይላል። ጓደኞቼ ሽጠውና ወደ አናሎግህ ተመለስ ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ አንድ ነገር ቀድሜ ልበልህና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን፦ አትሽጠው፣ ለጠጋኙም አንድ ብር አትክፈል ይሄን ሁሉ ሞክረህ እስክትጨርስ። ከጻፍክልኝ ነገሮች ውስጥ የተበላሸ እቃ የሚመስለኝ አንዱም የለም፣ የስቴጅ ቦክሱ ነገር እንኳ ከኬብል ወይ ከሴቲንግ አያልፍም ብዬ ነው የማስበው። የአንተ ችግር የሌላ ሰው ሲን ላይ ቁጭ ብለህ መስራትህ ነው። ያ ሲን የተሰራው ለሌላ ቦታ፣ ለሌላ ባንድ፣ ምናልባትም ለትልቅ አዳራሽ ነው፣ የት ምን እንዳገናኘ አንተ አታውቅም፣ ሻጩም ራሱ ላያውቅ ይችላል።

አናሎግ ላይ የለመድከው ምንድነው፣ ማይኩን ቻናል 5 ላይ ከሰካህ 5 ላይ ነው የሚመጣው፣ ሌላ አማራጭ የለውም። እዚህ ግን ከኋላ ያለው ቀዳዳና ፊት ለፊት ያለው ፌደር በሶፍትዌር ነው የሚገናኙት፣ ማገናኛው (ራውቲንግ የሚባለው) ደግሞ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ድምፅ ጠፋ ባልክ ቁጥር ማሳህ ላይ ውሃ ሳይደርስ ሲቀር ቦዩን ከምንጩ ጀምረህ እያየህ እንደምትወርደው ሲግናሉን ከማይኩ ጀምረህ ተከትለህ ውረድ፣ ከፌደሩ አትጀምር። ማይክ፣ ኬብል፣ ቀዳዳ፣ ራውቲንግ፣ ጌን (የሚገባውን ሲግናል ማንሻ)፣ ጌት (ዝቅ ያለ ድምፅን የሚዘጋ)፣ ሚዩት (የቻናል መዝጊያ)፣ ፌደር፣ ሜይን፣ አውትፑት፣ አምፕሊፋየር፣ ባፍል፣ በዚህ ቅደም ተከተል። በየደረጃው ያለውን ሜትር እያየህ ሲግናሉ የት ላይ እንደቆመ ታገኘዋለህ፣ ችግሩም እዛው ነው ያለው።

አሁን ከ17 በላይ ወዳሉት ቻናሎች እንሂድ፣ ብር ሊያስወጣህ የነበረው እሱ ስለሆነ። ኤክስ 32 ኢንፑቱን በ8 በ8 ነው የሚመድበው፣ ከ1 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 16፣ ከ17 እስከ 24፣ ከ25 እስከ 32። እያንዳንዱ ስምንት ከየት እንደሚመጣ ራውቲንግ የሚለውን ገጽ ከፍተህ ኢንፑት የሚለው ላይ ታየዋለህ። «ሎካል» ካለ ከሚክሰሩ ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎች ይመጣል ማለት ነው፣ «ኤኢኤስ 50» ካለ በኔትወርክ በሚመስለው ኬብል ከስቴጅ ቦክስ ነው የሚመጣው፣ «ካርድ» ካለ ደግሞ ከኮምፒውተር። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው መድረክ ላይ ባለ 16 ስቴጅ ቦክስ ይጠቀም ከነበረ ሁለተኛዎቹን 16 ቻናሎች ወደዛ አዙሯቸው ይሆናል፣ አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ስቴጅ ቦክስ የለህም፣ ከጀርባ 17 ላይ ትሰካለህ እሱ ግን የሌለ ስቴጅ ቦክስ እየጠበቀ ነው። ቦርድ ተቃጥሎ ቢሆን ልክ ከ17 ጀምሮ፣ እኩል 16ቱም፣ በአንድ ላይ ዝም ማለታቸው ራሱ ያጠራጥራል።

እንዲህ አድርግ። አምፕሊፋየሩን አጥፋና ሄድፎን ሰክተህ ጀምር። አንድ በደንብ የሚሰራ ማይክና ኬብል ይዘህ መጀመሪያ ቻናል 1 ላይ ሞክረው፣ ከሰራ ኬብሉና ማይኩ ጤነኛ ናቸው፣ አሁን ያንኑ ኬብል ነቅለህ 17 ላይ ሰካው፣ ራውቲንግ ላይ ከ17 እስከ 24 ያለውን «ሎካል 17–24» አድርገው፣ ጌኑን ቀስ ብለህ አንሳ፣ ሶሎ ተጭነህ በሄድፎን ስማ። ሜትሩ ከተንቀሳቀሰ ያ ጠጋኝ የሚጠግነው ነገር አልነበረም። ከ25 እስከ 32 ያለውንም እንደዛው። አዳዲሶቹ ፈርምዌሮች (የሚክሰሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ ኢንፑቱን በአንዴ ወደ «ፕለይ» የሚያዞር ምርጫ እዛው ራውቲንግ ገጽ ላይ አለ፣ ቀድሞ የተቀዳ ሾው በኮምፒውተር መልሶ ለማጫወት ነው የተሰራው፣ እሱ በርቶ ከሆነ ማይክህ ቢጮህም አይሰማም፣ ወደ «ሪኮርድ» መልሰው። ጠጋኙ ሰውዬ ሆን ብሎ ሊያታልልህ ፈልጎ ነው አልልህም፣ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር ሲጠግን የኖረ ሰው ዲጂታል ሚክሰር ውስጥ ራውቲንግ የሚባል ነገር እንዳለ ላያውቅ ይችላል፣ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት ይሄ ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሮጡት ፌደሮች። እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብብልኝ፣ ይሄ ነገር እንኳን አንተን ብዙ ልምድ ያለውን ሳውንድ ማን ሰው ፊት አዋርዶታል። ፌደሮቹ ሞተር አላቸው፣ የሚንቀሳቀሱት ሚክሰሩ ሌላ ነገር እያሳየህ ስለሆነ ነው። መሃል አካባቢ «ሴንድስ ኦን ፌደር» የሚል በተን አለ፣ እሱን ስትጫነው ፌደሮቹ ሰው የሚሰማውን ድምፅ ማሳየታቸውን ትተው አሁን የመረጥከው ሞኒተር ላይ ከየቻናሉ ምን ያህል እንደተላከ ያሳዩሃል። ያን ቀን በስህተት ነክተኸዋል፣ ወይ ደግሞ አጠገብህ የቆመ ልጅ ነክቶታል። ወደ አዝማሪው ሞኒተር የላክኸው ጥቂት ስለነበር ፌደሮቹ ተከትለው ወረዱ፣ ለሰው የሚሄደው ድምፅ ግን ምንም አልሆነም ነበር፣ ልብ ብለህ ብትሰማ ዘፈኑ እንደቀጠለ ነበር ማለት ነው። አንተ ደንግጠህ ሁሉንም ወደ ላይ ስትገፋቸው የገፋኸው ሞኒተሩን ነው፣ ድምፃዊውን፣ መሰንቆውን፣ ከበሮውን፣ ኦርጋኑን በሙሉ ጉልበት ወደ አዝማሪው እግር ስር ላክኸው፣ እሱ ከማይኩ ጋር ተገናኘና ጮኸ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ፌደር በራሱ ሲንቀሳቀስ ካየህ እጅህን አንሳ። ምንም አትንካ። መጀመሪያ ጆሮህ ይስማ፣ ድምፁ ከተለወጠና ካልተለወጠ ለይ፣ ከዛ ያ በተን በርቶ እንደሆነ እይ፣ በርቶ ከሆነ አንዴ ተጫነውና ፌደሮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። እሱ ካልሆነ ሌየር (ፌደሮቹ የሚያሳዩትን የቻናል ረድፍ) ቀይረህ ይሆናል፣ ከ1 እስከ 16 የነበረው ከ17 እስከ 32 ሆኖ ይሆናል፣ ይሄም ምንም አይጎዳም። የሚያስፈራው ሶስተኛው ነው፣ ሲን ሪኮል ተደርጎ (የተቀመጠ ሲን ተከፍቶ) ከሆነ እውነትም ሁሉም ነገር ተቀይሯል፣ ለዛ ነው ስራ ላይ እያለህ ሲን የሚከፍተው በተን አጠገብ የማንም እጅ መድረስ የሌለበት። የሙሽራው ወንድምም ቢሆን፣ የልብ ጓደኛህም ቢሆን፣ ሚክሰሩ ላይ የቢራ ጠርሙስ ሊያስቀምጥ የመጣው ሚዜም ቢሆን። ከፊትህ ጠረጴዛ ከጀርባህ ወንበር አድርገህ ዝጋው።

አሁን ባዶ ጀምር። ይሄን ሳታደርግ ሌላው ምክር ብዙም አይጠቅምህም። ያለውን ሲን በፍላሽ አስቀምጥ፣ ፍላሹ ፋት 32 ተብሎ ፎርማት የተደረገ ይሁን፣ ከዛ ሚክሰሩን ኢኒሻላይዝ አድርገህ ንፁህ አድርገው። ቤት ቁጭ ብለህ፣ ሰርግ በሌለበት ቀን፣ የራስህን ሲን ስራ። ቻናሎቹን ስም ስጣቸው፣ ቀለም ስጣቸው፣ ድምፃዊ፣ መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ኦርጋን ግራ፣ ኦርጋን ቀኝ፣ የሽማግሌዎች ማይክ፣ የዲጄ ሙዚቃ። ይሄን ስትሰራ የት ምን እንዳለ እጅህ ይለምደዋል፣ ከአዲስ አበባ የመጣልህ ሲን ይሄን ልምድ ሊሰጥህ አይችልም።

ጌን ላይ የአናሎግ ልማድህን እዚህ ማምጣት የለብህም። ብዙዎቻችን ጌኑን እስከ ቀዩ ጥግ ገፍተን ነው የለመድነው፣ አናሎግ ትንሽ ቢያልፍም ይቅር ይላል። ዲጂታል ግን ዜሮ ላይ ደረሰ ማለት አለቀ፣ ከዛ በላይ ቦታ የለም፣ የሚሰነጠቅ አስቀያሚ ድምፅ ነው የሚወጣው፣ በኋላ ፌደር ብትቀንሰውም ስንጥቁ አይጠፋም ገና ሲገባ ስለተበላሸ። ድምፃዊው ሲሞቀው በሚዘፍንበት ጉልበት አስዘፍነው፣ «ሄሎ ሄሎ አንድ ሁለት» ብሎ በሚናገርበት አይደለም፣ ከዛ ሜትሩ በአብዛኛው -18 አካባቢ እንዲጫወት፣ ሲጮህ ደግሞ -6ን እንዳያልፍ አድርገህ አቁመው። ያነሰ ይመስልሃል፣ አያንስም። ሌላው፣ ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ጌን አትንካ፣ ምክንያቱም ጌን ሁሉንም ነው የሚቀይረው፣ ሞኒተሩንም፣ የምትቀዳውንም፣ ወደ ኢፌክት የሚሄደውንም። ድምፅ ለሰው ማንሳትና መቀነስ የፌደር ስራ ነው።

ደሞ ሞኒተሮቹ ፕሪ ፌደር (ድምፃቸው ከፌደሩ በፊት የሚነሳ) መሆናቸውን አረጋግጥ። ፖስት ፌደር (ከፌደሩ በኋላ የሚነሳ) ከሆኑ አንተ ለሰው ድምፁን በቀነስክ ቁጥር አዝማሪው ራሱን መስማት ያቅተዋል፣ «ጨምርልኝ» ይልሃል፣ ትጨምራለህ፣ ቆይተህ ፌደሩን ስታነሳ ሞኒተሩም አብሮ ይነሳና ይጮሃል። ያንን ሰርግ ስታስበው አዝማሪው ስንት ጊዜ እጁን ወደ ላይ እያነሳ ጨምር ብሎህ እንደነበር አስታውስ፣ ምናልባት ምክንያቱ ይሄ ነበር። እያንዳንዱ ባስ (ወደ ሞኒተር ወይ ወደ ኢፌክት የሚወስድ መስመር) ላይ ሴንዱ ከየት እንደሚነሳ መምረጫ አለ፣ ለሞኒተር ፕሪ ፌደር፣ ለኤኮና ለሪቨርብ ፖስት ፌደር።

መሰንቆው ለምን አፏጨ? መሰንቆ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው፣ ቆዳው ከባፍሉ የሚመጣውን ድምፅ ራሱ ይቀበላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መልሶ ለማይኩ ይሰጣል፣ ስለዚህ ከድምፃዊ ማይክ ይልቅ ለፊድባክ (ባፍሉና ማይኩ ድምፅ ተቀባብለው ለማፏጨት) ቅርብ ነው። አዝማሪው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ሙሽሮቹ ጋ ይሄዳል፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ይንበረከካል፣ ግጥም እየሰጡት ወደ ባፍሉ ፊት ይወጣል። መጀመሪያ የእቃ አቀማመጥ፣ ከኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማስተካከያ) በፊት። ዋናዎቹ ባፍሎች ከእሱ ፊት ይሁኑ፣ ከኋላው ከቆሙ የትኛውም ኢኪው አያድንህም። ሞኒተሩን ደግሞ ከማይኩ ጀርባ አድርገው፣ ማለትም ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊት የሚሰማ ማይክ) ከሆነ የማይኩ ጭራ ወደ ሞኒተሩ ይይ፣ ሱፐር ካርዲዮይድ (ከፊት ጠበብ አድርጎ የሚሰማ) ከሆነ ትንሽ ወደ ጎን ሸሸት ይበል፣ እሱ ቀጥታ ከኋላው በትንሹ ይሰማልና። ማይኩን ጭንቅላቱን በእጁ ጨምቆ የሚይዝ ድምፃዊ ካለህ በትህትና ንገረው፣ ማይኩ ያኔ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ፊድባክ መጥራት ነው።

ለመሰንቆው በክሊፕ የሚያዝ ትንሽ ማይክ ከሆነ የምትጠቀመው 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ በማይኩ ኬብል የሚልከው ኃይል) የሚፈልግ ሊሆን ይችላል፣ የዛን ቻናል ብቻ አብራለት። ፒክአፕ (መሳሪያው ላይ የሚለጠፍ ድምፅ መቀበያ) ከሆነ ዲአይ ቦክስ (ሲግናሉን ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ይኑርህ፣ በቀጥታ ጃክ ከሰካኸው ቀጭንና ደረቅ ነው የሚሰማው። እኔ ብትጠይቀኝ አዝማሪ ለሚዞርበት ሰርግ ፒክአፕ እመርጣለሁ፣ የማይክን ያህል ውብ ባይሆንም ከባፍሉ የሚመጣውን ብዙም አይሰማም፣ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ከሆነ ግን ማይክ፣ የጭራው ድምፅና ትንፋሹ ሳይቀር ነው የሚገባው። ዋሽንትም ካለህ ማይኩን ቀዳዳው ፊት ለፊት አትደግነው፣ ትንሽ ከጎን አድርገው ንፋሱ እንዳይገባ፣ ጌትም አታድርግበት፣ ቀስ ብሎ ሲጀምር ጌቱ ይቆርጠዋል።

ከዛ በኋላ ነው ኢኪው። ድምፃዊው ላይ ሎው ከቱን (ወፍራሙን ድምፅ መቁረጫውን) ከ100 እስከ 120 ኸርዝ አካባቢ አድርገው፣ ከዛ በታች ያለው የመድረክ ጩኸትና የከበሮ ዱም ዱም ነው እንጂ የእሱ ድምፅ አይደለም። ከበሮው ላይ ግን አትቁረጥ። ሞኒተሩ ባስ ላይ ባለ 31 ባንድ ግራፊክ ኢኪው አስገባ፣ ኤክስ 32 ላይ ይሄ የሚገባው ኢፌክት ክፍሎቹ ውስጥ ነው፣ 8 ክፍል አለ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት ለዚህ ዓይነት ኢንሰርት (በመስመሩ መሃል ለሚገባ ነገር) የተመቹ ናቸው፣ ሁለቱን ሞኒተር በአንድ ክፍል የሚይዝ ድርብ ግራፊክ አለ። እንግዳ ሳይመጣ፣ ዳሱ ተጥሎ ባፍሉ ቆሞ፣ ሞኒተሩን ቀስ እያልክ አንሳ፣ ማፏጨት ሊጀምር ሲል ስክሪኑ ላይ ያለው አርቲኤ (የየፍሪኩዌንሲው ጉልበት ማሳያ) የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሆነ ሾጥ ብሎ ያሳይሃል፣ እሷን ብቻ 3 ወይ 6 ዲቢ ቀንስ፣ እንደገና አንሳ፣ ሁለተኛዋን ቀንስ። ሶስት አራት ቦታ ከነካህ በኋላ አቁም። ሁሉን ባንድ ወደ ታች የሚያወርድ ሰው አይቻለሁ፣ ያ ድምፁን መቀነስ ብቻ ነው፣ ፌደር ብታወርድ ይሻልሃል።

እና ደሞ የተከፈቱ ማይኮች። ክፍት ማይክ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከፊድባክ በፊት ያለህ ክፍተት በ3 ዲቢ ይቀንሳል፣ ይሄ የፊዚክስ ነገር ነው ጥሩ ሚክሰር አያስቀረውም። የሽማግሌዎቹ የምርቃት ማይክ ምርቃት እስኪጀመር ሚዩት ይሁን። የሚዩት ግሩፕ 6 አለልህ፣ ለጭፈራ ሰዓት የማያስፈልጉትን ማይኮች በሙሉ አንዱ ውስጥ ክተትና በአንድ በተን ዝጋቸው። ግን ስትከፍት እንዳትረሳ፣ አባትየው ተነስተው «በስመ አብ» ብለው ሲጀምሩ ማይኩ ዝም ካለ ከፊድባኩ የበለጠ ያሳፍራል።

መብራት። ይሄን የእኛ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል፣ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሚክሰሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ስለዚህ መብራቱ ደብዘዝ ቢል ብዙም አይጎዳውም፣ የሚጎዳህ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ መጥፋቱ ነው፣ ያኔ ኮምፒውተር ስለሆነ ተነስቶ እስኪያልቅ ዳሱ ዝም ይላል፣ ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብለህ የነካካኸውም ላይቀመጥ ይችላል፣ አንተ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ግዛና ሚክሰሩን፣ የዋየርለስ ማይክ ሪሲቨሮቹንና ራውተር ካለህ ራውተሩን ብቻ ሰካበት፣ ሚክሰሩ 120 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ ጀነሬተር እስኪነሳ ያቆይልሃል። አምፕሊፋየርና ባፍል ዩፒኤስ ላይ አትሰካ፣ ወዲያው ይጥለዋል። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያ ስራህ የባፍሎቹን ማብሪያ ማጥፋት ይሁን፣ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ከዛ ሚክሰሩ ነቅቶ ሲያበቃ አምፕ መጨረሻ ላይ ይበራል። ማታ ስትጨርስ ተገላቢጦሹን፣ አምፕ መጀመሪያ ይጠፋል። ሚክሰሩንም ሶኬት ነቅለህ አትግደለው፣ ሴትአፕ ውስጥ ሎክ በሚለው በኩል ሻትዳውን አለ፣ ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ ነው የሚዘጋው። ሳውንድ ቼክ ሲያልቅ ደግሞ ሲኑን ሴቭ አድርግ፣ በቀኑና በቦታው ስም፣ ፍላሽ ላይም ጭምር። ሴቭ ሳታደርግ እንግዳ አታስገባ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፣ እም የሚል ድምፅ ሲያስቸግራችሁ የሶኬቱን ኧርዝ የምትቆርጡ ልጆች አላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ሰው ይሞታል። ማይክ ከንፈሩ ላይ የያዘ ድምፃዊ፣ እርጥብ ሳር ላይ የቆመ፣ ኧርዝ በሌለው ዲቫይደር። እም የሚለው ከኦርጋኑ ወይ ከላፕቶፑ ከሆነ ዲአይ ቦክሱ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ አለ፣ እሱ ነው መፍትሄው፣ ወይም መድረኩንና ሚክሰሩን ከአንድ መስመር መብራት ስጣቸው።

ትክ ትክ ወደሚለው ስቴጅ ቦክስ ስመጣ ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው። አንደኛው ክሎክ (ዲጂታል እቃዎቹ እኩል የሚራመዱበት ምት) ነው፣ ሴትአፕ ኮንፊግ ውስጥ ሲንክሮናይዜሽን የሚል አለ፣ ሚክሰሩ ኢንተርናል ይሁን፣ ስቴጅ ቦክሱ ደግሞ እሱን ይከተል፣ የሁለቱም ሳምፕል ሬት አንድ ይሁን፣ 48 ኪሎ ኸርዝ አድርገው። ሁለቱም አለቃ ልሁን ካሉ ወይ ሚክሰሩ የሌለ ክሎክ እየጠበቀ ከሆነ እንደዛ ትክ ትክ ይላል። ሁለተኛው ኬብል ነው፣ ምናልባት ኢንተርኔት የሚዘረጉ ልጆች ጋ ሄደህ ተራ የኔትወርክ ኬብል አስቆርጠህ ይሆናል። ለዚህ የሚሆነው ሺልድ ያለው፣ ካት 5 ኢ ወይ ከዛ በላይ የሆነ፣ ጫፎቹ ላይ ብረት ያላቸው፣ ሺልዱ ከሁለቱም ጫፍ ብረት ጋር የተገናኘ ነው። በመሃል ስዊች ማስገባት አይቻልም፣ ኔትወርክ ስለሚመስል ነው እንጂ ኔትወርክ አይደለም። እስከ 100 ሜትር ይሄዳል ይባላል፣ አንተ ግን በዛ ርቀት የምትሰራው ሰርግ ያለህ አይመስለኝም፣ አጠር ያለ ያዝ፣ ሰው በሚረግጥበት አትዘርጋው፣ ጠምዝዘህ አትጠቅልለው።

ታብሌት ይዘህ ዳሱ ውስጥ እየዞርክ መስራት ከፈለግክ ኤክስ 32 በውስጡ ዋይፋይ የለውም፣ ራውተር መሰካት አለብህ፣ ፓስዋርድ አድርግበት። ታብሌቱ ቢቋረጥ ድምፁ አይቋረጥም፣ አትደንግጥ፣ ወደ ሚክሰሩ ተመለስ። ዳሱ ረጅም ሆኖ ከኋላ ሁለተኛ ባፍል ካቆምክ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ በየሜትሩ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው፣ 20 ሜትር ራቅ ላለው ባፍል ወደ 60 ሚሊ ሰከንድ ዲሌይ አውትፑቱ ላይ ስጠው፣ ከኋላ የተቀመጡት ዘመዶች ግጥሙን ሁለት ጊዜ አይሰሙም።

አናሎጉን በተመለከተ፣ አትጣለው፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፣ አንድ ማይክና ሙዚቃ ብቻ ላለበት ትንሽ ዝግጅት ይበቃሃል፣ ኤክስ 32ም አንድ ቀን እምቢ ቢልህ ሰርጉን ያስጨርስሃል። የሚቀጥለው ሰርግህ ግን በዲጂታሉ ይሁን። ከዛ በፊት ሁለት ሶስት ቀን ቤትህ ዘርግተው፣ መሰንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ጥራው፣ ሴንድስ ኦን ፌደርን ሆን ብለህ እያበራህ እያጠፋህ ፌደሮቹ ሲሮጡ እያየህ ዓይንህን አልምደው።

የሙሽራው አባት ጋም ሂድ ወይ ደውልላቸው፣ ምን እንደሆነ በቀላሉ ንገራቸው፣ ይቅርታ ጠይቃቸው። በእኛ ሀገር ስራ የሚመጣው በሰው አፍ ነው፣ ደምበጫ ላይ የተቆጡ አባት ቡሬ ላለው ዘመዳቸው የሚነግሩት ነገር ይለያያል፣ ልጁ ሳይናገር ጠፋ ከሚሉ መጥቶ አነጋገረኝ ቢሉ ነው የሚሻለው።

ራውቲንጉን አስተካክለህ፣ ኢኒሻላይዝ አድርገህ፣ በሚሰራ ማይክና ኬብል ሞክረህ 17 አሁንም ዝም ካለ ያኔ እቃው ላይ ችግር ሊኖር ይችላል፣ መልሰህ ጻፍልኝ። የራውቲንጉን ገጽና የሴትአፑን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክ፣ የፈርምዌሩን ቁጥር ጨምር፣ ከ17 እስከ 24 ያለውና ከ25 እስከ 32 ያለው ሁለቱም ነው ዝም ያለው ወይስ አንዱ ብቻ የሚለውንም ንገረኝ።